የወይዘሮ ኩዊልቲ የሰም አዳራሽ

የከተማችን ማዘጋጃ ቤት የወይዘሮ ሆኖራ ኩዊልቲን የሰም አዳራሽ ሊዘጋ የተነሣው በጥር ወር፣ የአውስትራሊያዋ የኩዊንስላንድ ሙቀት በበረታበት ሰሞን ነበር።

አዳራሹ ከወደቡ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ቅዳሜ ማታ የወደቡ ጫኝና አውራጆች፣ በግ ሸላቾችና ሚስቶቻቸው ይሰለፉበታል። ከሰም የተሠሩትን ንግሥት፣ ነፍሰ ገዳዮችና ሽፍቶች አይተው፣ ትንሽ ጮኸው፣ ብዙ ስቀው ይወጣሉ።

ከንቲባ ክሩም ግን ሰም ይነድዳልና ቤቱ ይፍረስ አለ። መሬቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው። የሚስቱ ወንድም ዲብስ ቦታው ላይ ሆቴል ሊሠራ ቋምጧል ይባል ነበር።

የምክር ቤቱ አባላት እኩል ለሁለት ተከፈሉ። ያልለየለት ሽማግሌው ፒጎት ብቻ ነበር። ፒጎት በስብሰባ ላይ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣጥፎ ሳይነቃነቅ ስለሚቀመጥ፣ ጓደኞቹ "ዝንብ እንኳ አያባርርም" እያሉ ይቀልዱበታል።

ሆኖራ ቤቱ ድረስ ሄደች። በረንዳው ላይ የዓሣ መንጠቆ ሲያስተካክል አገኘችው።

"ቦታዬን ለዲብስ ሊሰጡት ነው" አለችው።

"ማን ነገረሽ?"

"ከተማው በሙሉ ያወራል።"

"ከተማው ስለ እኔም ያወራል። ሞቷል፣ የሚቀብረው ጠፍቶ ነው ይላሉ።" መንጠቆውን ወደ ብርሃን አነሣው። "ስሚ ልጄ፣ በወሬ የሰው ስም አላጠፋም። በገዛ ጆሮዬ ያልሰማሁትን አላምንም። ሰም ደግሞ ይነድዳል።"

"ይነድዳል። የእርስዎም ቤት እንጨት ነው።"

ፒጎት ሳቀ። ሆኖራ አልሳቀችም፤ ተነሥታም አልሄደችም። ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ተቀመጠች።

ድምፅ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ክሩምና ዲብስ አዳራሹን ሊመረምሩ መጡ። በሩ ላይ በትልልቁ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ክፍት ነው። ነገም ክፍት ነው።"

"የነገውን የምወስነው እኔ ነኝ" አለ ክሩም።

"እንግዲያው ዛሬን ይግቡ" አለች ሆኖራ።

ውስጡ እንደ ምድጃ ነው። የንግሥቲቱ አፍንጫ ወደ ከንፈሯ ወርዷል። ባሏን በመርዝ የገደለችው ሴትዮ ወደ ጎን ዘምማለች። ጥግ ላይ አንድ ሽፍታ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል፤ ባርኔጣው ቅንድቡን፣ ቀይ መሐረብ አፍንጫና አፉን ሸፍኖታል። እጆቹን ቀበቶው ላይ አጣጥፏል።

"ቀጥ ብሎ የቆመው ይሄ ብቻ ነው" አለ ክሩም።

"አዲስ ነው። ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው።"

ዲብስ መሐረቡን ሊገልጥ እጁን ዘረጋ። ሆኖራ እጁን መታ አደረገችው።

"ፊቱን ለነገ ነው ያቆየሁት። ማየት ከፈለጉ እንደ ሰው ተሰልፈው ይግቡ።"

ክሩም ክብሪት ጭሮ የመርዘኛዋን ጣት ለኮሰ። ጣቷ ጎብጦ ተንጠባጠበ። "አየህ ዲብስ? ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም።" ክብሪቱን ወደ ሽፍታው አዞረ። ሆኖራ እፍ ብላ አጠፋችው።

"ፈራሽ እንዴ?"

"አልፈራሁም። ይሄኛው የሰው ነው፤ እንዳለ መመለስ አለብኝ።"

ክሩም ላቡ አገጩ ላይ ደርሶ ነበር። ውሃ እንድታመጣለት አዘዛትና እሷ ስትወጣ ባርኔጣውን አውልቆ የሽፍታው ክንድ ላይ ሰቀለ። ራሰ በራውን ጠረገ።

"ፒጎትስ?" አለ ዲብስ።

"ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቷል አለችኝ ሠራተኛው። ነገም እዚያው ቢቀር ጥሩ ነበር። እኩል ከሆኑ የእኔ ድምፅ ይወስናል።"

"ቢመጣስ?"

"አዳራሹ ውስጥ ሕፃናት ሲቃጠሉ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ እለዋለሁ። ድምፄን ትንሽ አንቀጠቅጣለሁ። ያ ሽማግሌ ያሉትን ሁሉ ይውጣል።"

"ቦታው ታዲያ በእኔ ስም ነው?"

"በሚስትህ ስም። በአንተማ ከሆነ ከተማው ይጮህብናል። ሆቴሉ ሲቆም ግን ድርሻዬን እንዳትረሳ።"

"እህቴ ትሙት አልረሳም።"

"እሷን እንኳ ተዋት፤ ሚስቴ ናት።"

ሁለቱም ሳቁ። ሆኖራ ውሃውን ይዛ ገባች። ክሩም ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰላት።

"ነገ ማታ እነዚህን አሻንጉሊቶችሽን በጋሪ ጭነሽ ትወጫለሽ።"

"አልወጣም።"

"ፖሊስ ያወጣሻል።"

"ይሞክሩ። ከባድ ነኝ።"

ደጅ ላይ የወደቡ ሰዎች በርሜል ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። አንደኛው ተነሣና "ጌታው፣ የእርስዎን ምስል የት አቆመችው? ከሽፍቶቹ ጋር ነው?" አለ። ሰፈሩ በሳቅ ተሞላ። ፀሐይዋ የክሩምን ራሰ በራ መታችው። ወደ በሩ ዞር አለ፤ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሐል መመለሱን ግን አልፈለገም። ባዶ ራሱን መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞላ። የፒጎት ወንበር ባዶ ነበር። ሆኖራ ከሕዝቡ ፊት፣ ከወደቡ ሰዎች መሐል ቀና ብላ ተቀምጣለች። ክሩም ስለ ሕፃናቱና ስለ እንቅልፉ ተናገረ፤ ድምፁም በቦታው ተንቀጠቀጠ። እጅ ወጣ። እኩል ሆነ።

"እንግዲህ የእኔ ድምፅ" ብሎ ሲጀምር በሩ ተከፈተ።

ፒጎት የደረቀ አንገቱን እያሸ ቀስ ብሎ ገባ። ሌላኛው እጁ ከኋላው ነበር።

"አቶ ፒጎት፣ እንኳን ደህና መጡ" አለ ክሩም ፈገግ ብሎ። "ዓሣው እንዴት ነበር?"

ሽማግሌው እስከ ጠረጴዛው ድረስ ሄደ፤ ከዚያም ከኋላው የያዘውን ባርኔጣ በከንቲባው ፊት አስቀመጠ።

"ትናንት ክንዴ ላይ ረስተውት ሄዱ፣ ክቡር ከንቲባ።"