ዜሮ ያለው መስመር

ግድግዳውን በሞላው ስክሪን ላይ የኤሌክትሪክ መስመሩ ግራጫ ሆኗል፤ መለኪያው ኃይል የለበትም ይላል። ተቆጣጣሪዋ ግን አውራ ጣቷን ከአረንጓዴው ቁልፍ ጎን አሳርፋ አልጫን አለች። እሷ ቁልፉን ተጭና ካልፈቀደች፣ ከምሰሶው ሥር የቆሙት ጠጋኞች አይወጡም። አለቃቸው ታላቅ ወንድሟ ነው። «አንቺ ልጅ፣ ፀሐዩ እኮ አናታችንን በሳው! ምነው ተግደረደርሽብን? መለኪያው ዜሮ አላለም እንዴ?» አላት በሬዲዮው።

«ብሏል፤ ግን እየዋሸ ነው» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «እናንተ ጋ ወዳለው ጣቢያ የገባውን ኃይልና በሌሎቹ መስመሮች የወጣውን አስተያየሁት። ሲሶው የት እንደገባ አይታወቅም። ኮምፒውተሩም የጎረቤት መለኪያዎችን አደማምሮ፣ በእናንተ መስመር እያለፈ ነው ብሎ ገምቷል።»

«ግምት! አንቺና ግምትሽ!» ወንድሟ ከት ብሎ ሳቀ። ይህን ሥራ ከያዘች ጀምሮ ቤተሰቡ ፊት «ገማቿ» እያለ ሲያበሽቃት ኖሯል። እሷ ግን ፍንክች አላለችም። «ከመሬት ሳትነሱ በመፈተሻው ዘንግ ንኩት። ዝም ካለ፣ ዕድሜ ልክህን ሳቅብኝ።» ዘንጉ ሲመዘዝ፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ሲያጉረመርም ሰማች። ከዚያ ኃይል መኖሩን የሚያሳውቀው የዘንጉ ፉጨት ጆሮዋን ሰነጠቀው። አውራ ጣቷን ከቁልፉ አጠገብ አነሳች።

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገማቿ» አላት፣ አሁን ሳይስቅ፣ «ኃይሉ በየት በኩል እንደሚመጣ ገምቺልን። እስክትነግሪን ንቅንቅ አንልም።»