የጯ ቦታ

«ይቺን እዩልኝ!» ይላሉ አለቃችን፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው። «ይቺን ጯ እዩልኝ! እጅሽ ይባረክ፣ አንቺ ልጅ!»

አንቺ ልጅ የተባለችው ታናሽ እህቴ ናት። ብዕር አያያዝ ያስተማርኳት እኔ፣ እዚህ ፊደል መሳያ ቤት ሥራ ያስገባኋት እኔ፣ የምትመረቀው እሷ! ስልክ የሚሠራው ድርጅት እኔ የሳልኩትን የፊደል ስብስብ፣ ፎንቴን፣ ትቶ የሷን መርጧል። ዛሬ ከምሳ በፊት ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ የሚያነበው የሷን ፊደል ነው። ጠዋት «ደስ ብሎኛል» ብዬ አቅፌያታለሁ። ውሸቴን ነው። ቅናት አንጀቴን እያሳረረው ነው።

እስቲ ብዬ እኔም ጎንበስ እላለሁ። ጯ እውነትም ታምራለች። ግን የት ነው የማውቃት? ከሥሯ ያለችው ጭረት ጫፏ ላይ ቀና ትላለች፣ ኩራት ቢጤ። ወይ ጉድ! በዚህ ቤት ጯን እንደዚያ የምስላት እኔ ብቻ ነኝ። የኔ ናት!

ነገሩ ወዲያው ይገባኛል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ኮምፒውተሩ የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነው። እህቴ ጯን ሳትስላት ረስታታለች፣ ቦታዋ ባዶ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ጠርቶ ሲያጣት ዝም አይልም፤ እዚያው ከተጫነ ሌላ ፎንት ይዋሳል። እዚህ የተጫነው ሌላ ፎንት የኔ ነው። ሰው ስልክ ላይ ግን የኔ የለም። እዚያ በጯ ፈንታ ባዶ ሳጥን ነው የሚወጣው።

«እትዬ፣ ልላከው?» ትለኛለች እህቴ፣ ጣቷ ቁልፉ ላይ ሆኖ።

ላኪው በያት ይለኛል ሆዴ። ሳጥኑን በየስልኩ ይዩላት! ያኔ አለቃችን እጅሽ ይባረክ ሲሉ እሰማቸዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል ግን ያ ምርቃት ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። በኔ ጯ እኮ ነው የተመረቀችው! ይሄንንስ አልችለውም።

«ቆይ» እላለሁ። ኪቦርዱን ስቤ የራሴን ፎንት ከኮምፒውተሩ አጠፋዋለሁ። ጯ ድርግም ትላለች። ሳጥኑ ብቻ ይቀራል።

«ምን አደረግሽ?» አለቃችን ይደነግጣሉ።

«የኔን ወሰድኩ። የሷ ያውልዎት።»

እህቴ ሳጥኑን ታያለች፣ እኔን ታያለች። ትሰድበኛለች ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ መልሱም ምላሴ ላይ ነው።

«ወይኔ እናቴ! ልልከው ነበር እኮ!» ትላለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ከዚያ ከወንበሯ ተነስታ ስክሪኑ ላይ የምንስልበትን ብዕር ትሰጠኛለች። «አንቺ ሳዪያት፣ እትዬ። ጯን እንደሆነ እንዳንቺ የሚስላት የለም።»

እሰይ! ወንበሯን አመቻችቼ እቀመጣለሁ። አለቃችንም ከኋላዬ ይቆማሉ። የኔ ጯ እዚህ እንዳለች ብትገባ ከጎረቤቶቿ ጋር ውፍረቷ አይገጥምም፤ ስለዚህ ለመነሻ የእህቴን ጨ አምጥቼ ስክሪኑ እስኪሞላ አጎላዋለሁ።

እስከዛሬ እንዲህ ቀርቤ አላየሁትም። ማየቱ ደስ አይለኝም ነበር። መስመሩ ከላይ ወፍሮ ይነሳና መታጠፊያው ላይ ሳይታወቅ ይሳሳል፣ እግሩ ዘንድ ሲደርስ መልሶ ይሞላል። እንከን ፈልጌ እዞረዋለሁ፣ አጣለሁ። እንዲህ አድርጊ ብዬ ያስተማርኳት ቀን ትዝ አይለኝም። እንዴት እንደሚደረግም አላውቅም።

«ምነው፣ እትዬ? ብዕሩ እንቢ አለሽ?»

«ደህና ነው» እላለሁ።

ብዕሩን ዝቅ አድርጌ፣ ብዕር ሳስተምራት እጇን እንደያዝኳት ጊዜ ቀስ ብዬ፣ የሷን መስመር ከላይ ጀምሬ እከተላለሁ።