ሁለት ተቃውሞ

«እስቲ ሞቅ አድርግልን» ይለኛል ሰብሳቢው፣ እጄን ለሦስተኛ ጊዜ ሳወጣ።

ያወጣሁት ለመናገር ነበር። ሰውዬው ግን እኔ እጄን ካነሣሁ ለመጫወት የተቁነጠነጥኩ ነው የሚመስለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ የሰፈር አዳራሽ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አኮርዲዮኔን ተሸክሜ መጥቻለሁ። ሲከፈት እጫወታለሁ፣ ሰው ሲያንቀላፋ እጫወታለሁ፣ ድምፅ ሲቆጠር እጫወታለሁ። አንተስ ምን ትላለህ ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። ሙዚቀኛ ደግሞ ምን ይላል!

የዛሬው አጀንዳ የራሴው ጉዳይ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ክፍል የሕጻናት ማቆያ ትሁን ወይስ አትሁን? ያቺ ክፍል የባንዳችን መለማመጃ ናት። ማክሰኞና ዓርብ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ ልብስ ሰፊዋና ሁለቱ ነርሶች ከሥራ መልስ ጎራ እያሉ ከእኛ ጋር ይዘፍኑባታል። ክፍሏ ከሄደች ባንዱም አበቃለት፤ እቤቴ ትንሽ ነካ ነካ ካደረግሁ ጎረቤት ግድግዳውን ይደበድባል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ? ንቀውኝ ነው።

ሕጻናት ጠልቼ አይደለም። የገዛ እህቴ መንታ ከተገላገለች ስምንት ወሯ ነው። ግን ከመለማመጃችን ጎን ሌላ ክፍል አለ፣ እስከ ጣሪያው የተሰበረ ወንበር የታጨቀበት። እሱን ጠርጉና ማቆያ አድርጉት ልላቸው ነበር። ፖስተኛው አንድ ጊዜ ቢጠይቃቸው፣ ወንበሮቹ በንብረት መዝገብ የሰፈሩ ስለሆኑ አይነኩም አሉት። በሞቴ፣ ለተሰበረ ወንበር የሚቆረቆር ሰው ምን ይባላል?

«ማቆያ ትሁን የምትሉ እጃችሁን አውጡ» ይላል ሰብሳቢው። ወዲያው ወደኛ ዞሮ ጣቱን ያወዛውዛል፤ ቆጠራው ሰው እንዳያሰለች። ቆሽቴ እያረረ እጀምራለሁ። ልማድ ክፉ ነው። አጠገቤ ድራም መቺው ይከተለኛል። የእህቴ ባል ነው። ሁልጊዜ ይከተለኛል፤ ከአፉ ክፉም ደግም አይወጣም፣ ጠባዩ ወርቅ ነው።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ በወንበሮቹ መሐል እየተሹለከለከች ትቆጥራለች። ድጋፍ፣ አርባ አንድ። ተቃውሞ፣ አርባ።

በአንድ ድምፅ ብልጫ! ክፍሌ በአንድ ድምፅ ስትሄድ እኔ ቆሜ በሙዚቃ እሸኛታለሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ አዳራሽ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። እጅ አውጡ ሲባል ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው።

ግራ እጄን ከማሰሪያው መንጭቄ አወጣለሁ። አኮርዲዮኑ እንደ በሽተኛ አቃስቶ ዝም ይላል፤ ድራሙም ይቆማል። ሰብሳቢው ምን ነካህ፣ ገና አልጨረስንም እኮ ይለኛል። አልጨረሳችሁማ እለዋለሁ። እኔም የሰፈሩ ሰው ነኝ፤ ውሃ ሲጠፋ ከናንተው ጋር ጀሪካን ይዤ እሰለፋለሁ። ሙዚቃ ሕዝብ ይሰበስባል እያላችሁ ታሞግሱኛላችሁ፤ ከሰበሰብኩት ሕዝብ ውስጥ ግን እኔ አልቆጠርም። ሳይጠይቁ መወሰን ከሆነ ስብሰባው ለምን አስፈለገ? እቤታችሁ ሆናችሁ አትወስኑም ነበር? ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ንዴት ነው፣ ትንሽም ደስታ አለበት።

ሰብሳቢው እናንተ እኮ ሥራ ላይ ናችሁ ብሎ ሊያልፈኝ ሲል ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብላ ይቆጠሩ እንጂ ትላለች። ሌሎቹም ይቆጠሩ፣ ይቆጠሩ ይላሉ። ሰውዬው ላቡን ጠርጎ እሺ ይላል።

«ጻፊ» እላታለሁ ልጅቷን። «ሁለት ተቃውሞ። እኔና ድራም መቺው።»

አርባ ሁለት ለአርባ አንድ። ፖስተኛው ከወዲያ ማዶ ፈገግ ይልልኛል።

ልጅቷ አንዱን ትጽፍና ትቆማለች። የሱን እሱ ራሱ ይንገረኝ ትላለች። አጉል ጥንቃቄ! ምን ለውጥ አለው፣ እኔና እሱ አንድ ነን እላታለሁ። እሷ ወይ ፍንክች።

አማቼ ከድራሙ ኋላ ይነሣል። እንጨቶቹን ወንበሩ ላይ ያስቀምጥና እጆቹን ሱሪው ላይ ያብሳል።

«ድጋፍ» ይላል።

አርባ ሁለት ለአርባ አንድ፣ በግልባጩ። ደሜ ይፈላል። አብደሃል ወይ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ማሰብ የጀመርከው ብዬ ያን ሁሉ ሰው ፊት እጮህበታለሁ። እኛ ስንት ዓመት የለፋንባትን ክፍል!

«ጋሼ፣ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ይለኛል ቀስ ብሎ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እህትህ ዛሬ ያልመጣችው እኮ ልጆቹን የሚይዝላት አጥታ ነው። ብትመጣ የሷም እጅ ይቆጠር ነበር።»

አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። ሥራዋን እንደለቀቀችም ነግራኛለች፤ አይዞሽ ብያት ወደ ልምምዴ ሄጃለሁ። አኮርዲዮኑ ትከሻዬን ይጎትተኛል።

ልጅቷ አዲስ ገጽ ትገልጥና ምክንያትህን ንገረን፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር ትለዋለች። ሰው ሁሉ ወደሱ ይዞራል። እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«እሱ ለማለት የፈለገው…» ብዬ ጀምሬያለሁ።