ካሳን በድንጋይ የመታው ጎረቤት

ድንጋዩ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ካሳ አካፋውን እንደያዘ ዘወር አለ...

ወንዙ ዳር፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ጎረቤቱ ሰላሁዲን ቆሟል። እጁ ላይ ሁለተኛ ድንጋይ ይዟል።

ካሳ ዓይኑን ማመን አቃተው!

እኔን?... ሰላሁዲን?... በድንጋይ?!

ነገሩ የጀመረው ከወር በፊት ነው።

ካሳን ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀው፤ ሁለቱም ጆሮው ግን እንደተደፈነ ቀረ። ጥጥ የተወተፈበት ይመስል... ቀን ከሌት ጭው ይላል።

"ኧረ ጤና ጣቢያ ሂድ!" አለችው ሚስቱ ደብሪቱ፣ ጆሮው ሥር ጮኻ።

"ለጉንፋን ደግሞ ሐኪም ቤት! ፌጦ አለልኝ።"

"እሺ፣ ለሰው እንኳ ንገር።"

"ካሳ ደነቆረ እንዲሉኝ ነው?"

በእልህ ከሆነ ካሳን ቆቦ ላይ የሚስተካከለው የለም!

አንድ ቀን ገበያ ላይ ሰላሁዲንን አየው። ፍየሎቹን እየነዳ ነው።

"እንዴት ዋልክ ሰላሁዲን!"

መልስ የለም... ዞር እንኳ ሳይል አለፈ።

የካሳ ደም ፈላ። አብሮ አደጉ... እርሻቸው ድንበር ለድንበር... ፋሲካና አረፋን አብረው የሚውሉ... ዛሬ ሰላምታ ነፈገው!

"ንቆኛል" አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላሁዲንን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ወደ ወንዙ እንመለስ...

ወንዙ ደረቅ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ካሳ ለቤቱ ልስን አሸዋ እየዛቀ ነበር።

ሁለተኛው ድንጋይ እግሩ ሥር አረፈ!

"ቆይ አንተ!"

አካፋውን ጥሎ፣ ዱላውን ይዞ ሽቅብ ሮጠ። ሰላሁዲን አልሸሸም። ካሳ ደርሶ ዱላውን ሲያነሳ ተጠመጠመበትና ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረው።

ካሳ ቁልቁል አየ...

ቅድም የቆመበት ቦታ የለም! ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ፣ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ ይወርዳል። አካፋው ሄዷል። ያን ሁሉ ጩኸት... ካሳ አልሰማውም!

ሰላሁዲን ጆሮው ሥር ተጠግቶ ጮኸ፦

"አራት ጊዜ ጠራሁህ! ጎርፉ እያገሳ ዝም ብለህ ስትዝቅ ነው ነገሩ የገባኝ። ገበያ ላይም ወላሂ መልሼልህ ነበር። ፊትህን ስታዞርብኝ የተቀየምከኝ መስሎኝ..."

"ታዲያ ድንጋይ ምን አመጣው?!"

"ወርጄ ልጎትትህ ብል አልደርስም። በእጄ ብጠራህ ፊትህን ታዞራለህ። ከልጅነትህ አውቅሃለሁ... የመታህን ሳትይዝ አታድርም!"

ዱላው ከካሳ እጅ ወደቀ። ጓደኛውን አንገቱን አቅፎ አለቀሰ።

"አልሐምዱሊላህ... ተርፈሃል" አለው ሰላሁዲን። "ነገ ግን ጤና ጣቢያ እኔው ራሴ እወስድሃለሁ!"

ወሰደውም። ጆሮውን ያየችው ባለሙያ "ከጉንፋኑ በኋላ ውስጡ ፈሳሽ ቀርቶ ነው። ምነው ይሄን ያህል ቆየህ?" ስትለው ካሳ "ፌጦ ይበቃኛል ብዬ..." አለ።

ወዳጆቼ... ሕመም አያሳፍርም፤ መደበቁ ግን ሕይወት ሊያስከፍለን ይችላል። ሰላምታችን መልስ ሲያጣም "ናቀኝ" ከማለታችን በፊት ጠጋ ብለን እንጠይቅ። ምናልባት ያልሰማነው እኛ ነን...

እናንተስ? "ዘጋኝ" ብላችሁ ያኮረፋችሁት ሰው አለ?... ምክንያቱን አንድ ቀን ጠይቃችሁታል? እስኪ ሳትደብቁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ 👇