አንድ እፍኝ ከሰል

ልጅቷ ቡሬ ከተማ ከብረት ሠሪው ከአያ ይሄይስ ደጃፍ ቆማ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። ከስድስት ወር በፊት ከእሳቸው አንድ እፍኝ ከሰል ወስዳ፣ ፈጭታ፣ በማግኒዚየም ቅይጥ ዱቄት ላይ ጨምራው ነበር። ሃይድሮጅን አምቆ የሚይዘው ያ ዱቄት፣ ከሰሉ ከገባበት በኋላ ጋዙን ቶሎ መጠጠ፤ ከቀድሞው ባነሰ ሙቀትም መልሶ ለቀቀ። የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ግን፣ «በዚያው ከሰል ካልደገምሽው ጽሑፍሽን አልቀበልም» አሏት። በደብተሯ የሰፈረው ደግሞ «ከሰል፣ ቡሬ» የሚል ብቻ ነበር።

«ከምን እንጨት የከሰለ ነበር፣ አያ ይሄይስ?»

ሽማግሌው ወናፉን አቆሙ። «የወይራም አለበት፣ የግራርም አለበት። ገበያ ያመጣውን ነው የምገዛ። እንዲያው እንደ ወርቅ ስትመዝኚው እኔስ ጠንቋይ መስለሽኝ ነበር!»

ለመሳቅ ሞከረች፤ አልቻለችም። የሁለት ዓመት ሥራዋ በዚያ እፍኝ ላይ ቆሞ ነበር።

አያ ይሄይስ ተነሥተው ከጓዳ አንድ ጆንያ ጎትተው አመጡ። አፉ በሽቦ ተሰፍቶ አቧራ ለብሷል።

«ያ ከሰል ይኸውልሽ። ሌላ እየገዛሁ አነደድሁ እንጂ ይህን አልነካሁትም።»

«ለምን?»

«የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ መዘንሽዋ! ሁለቴ የሚመዝን ሰው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ሚዛኗን አወጣች፤ ያን ዕለት ግን ሦስት ጊዜ መዘነች።