አረንጓዴው ብርሃን

ዝላቲና ከመንገድ ዳሩ ቧንቧ ውሃ በብልቃጥ ቀድታ መርዝ መኖሩን የሚያሳይ የመመርመሪያ ጠብታ ጨመረችበት፤ እንዲጨልምላትም ጃኬቷን ተከናንባ ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጠውን ባትሪዋን አበራችበት። ውሃው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ጨለማ ሆኖ ይቀር ነበር። አርሰኒክ የሚባለው መርዝ ስላለበት ግን እንደ ድመት ዓይን አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ።

"ምን ትደብቂያለሽ አንቺ ተንኮለኛ?" አጎት ራሽኮ ጃኬቱን ገልበው አንገታቸውን አስገቡ። ቧንቧውን ያቆሙት ለሞተው ልጃቸው ለኦግኒያን መታሰቢያ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እየጠጣ "ነፍሱን ይማር" ይልለታል። ብርሃኑን ሲያዩ አማተቡ።

"ልጄ ነው። በብርሃን ቦታ ነው ያለው።"

"አጎቴ፣ መርዝ ነው።"

"አፍሽን ያዢ! ቄስ የባረኩት ውሃ?" ዞር ብለው ወደ መንገዱ ተጣሩ። "ኑ! ኑ ጠጡለት! ኦግኒያን በራ!"

ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት ሰዎች እርምጃቸውን አፋጠኑ። ከፊት ከፊት፣ ጥቁር ሻሿን እያስተካከለች፣ ኩባያ የያዘች አሮጊት ትመጣለች። ዝላቲና ጣቷን ወደ ባትሪው ማጥፊያ ሰደደች።

ሽማግሌው እጇን ያዟት።

"እባክሽ ልጄ፣ እናቱ ሳታየው አታጥፊው።"