ተተኪዋ

የፊዚክስ መምህርቷ ጡረታ ከጠየቀች ሦስት ዓመቷ ነው። ቢሮው ግን «ተተኪ ካልተገኘ አናሰናብትም» ብሎ ችክ አለ፤ ሰው ዴስክ ይመስል፣ እስኪሰበር ሊቀመጡበት!

ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አስቆማት።

«እትዬ፣ ደስ ይበልዎት! ተተኪዎ ተገኝታ ክፍል ገብታለች።»

«አትቀልድ፣ ልቤ ደካማ ነው።»

«ሄደው ይዩዋት እንጂ!»

ያበጡ እግሮቿን እየጎተተች ደረጃውን ወጣች። ከክፍሉ ውስጥ «ጆሮህን ለጌጥ ነው የሰቀልከው?» የሚል የሻከረ ድምፅ ሰማች፤ ተማሪዎቹ ሳቁ። ተግሣጹ የራሷ ነው። ድምፁም የራሷ ነው።

በሩን ከፈተችው። ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው ሴት ዞር አለች። ፊቱ የመምህርቷ ፊት ነው፤ ከነድካሙ፣ ከነመነጽሩ። የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እፎይ! ተተኪዬ መጣሽልኝ?» አለችና ጠመኔውን ዘረጋችላት።